ወንዝ ባሕር ሲገባ ድምፅ ወዴት ይታጠፋል?

ግንፍሌ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውኃ ባሕር አይደርስም። ከቀበና ጋር ሆኖ ወደ አቃቂ ይወርዳል፤ አቃቂ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያ አዋሽ ይቀበለዋል፤ አዋሽ ደግሞ አፋርን አቋርጦ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ በሚባል ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል የወረደ ዝናብ ግን በሙገር አድርጎ ዓባይን ይይዛል፤ የእርሱ መንገድ ወደ ሜዲትራኒያን ነው። አንድ የሐምሌ ደመና ተራራው ላይ ሲያዘንብ ውኃው እዚያው ለሁለት ይከፈላል።

የማጠናው ወንዝና ባሕር በሚገናኙበት ቦታ ድምፅ ውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ነው። አራት ኪሎ ተቀምጬ፣ ሌሎች አገሮች በወንዞቻቸው አፍ ላይ የለኩትን ሙቀትና ጨዋማነት ወስጄ፣ ድምፁ በየት በኩል አልፎ የት እንደሚደርስ በኮምፒውተር አሰላለሁ። «ባሕር በሌለበት አገር?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ቀይ ባሕርም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም። ጥያቄው መልስ ይገባዋል፤ መልሱ ግን በአንድ ማኪያቶ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ በረጅሙ እጽፈዋለሁ።

ከፍጥነት እንነሣ። ድምፅ አየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ውኃ ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። በትክክል ስንት እንደሚፈጥን የሚወስኑት ሙቀት፣ ጨውና ጥልቀት ናቸው። የወንዝ አፍ ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ሦስተኛውን መተው ይቻላል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,482 ሜትር ይሄዳል፤ በዚያው ሙቀት የባሕር ውኃ ውስጥ 1,521 ሜትር ይሄዳል። ልዩነቱ ከመቶ ሦስት እጅ አይሞላም። ይህች ትንሽ ልዩነት ግን የድምፁን መንገድ ለማጠፍ ትበቃለች።

የወንዙ ውኃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል። የባሕሩ ውኃ በጨዉ ምክንያት ከበድ ስለሚል ወለሉን ይዞ፣ ጫፉ እየሳሳ፣ ሽብልቅ ሠርቶ ወደ ወንዙ ይገባል። ከላይ ዘገምተኛ ውኃ፣ ከታች ፈጣን ውኃ አለ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ድምፅ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ አንዱ በሬ ሲፈጥን ሌላው ሲዘገይ ጥማዱ ወደ ዘገየው በሬ ይዞራል። የድምፅ ሞገድ ግንባርም የታችኛው ጎኑ ጨዋማውን ውኃ ይዞ ሲቀድም የላይኛው ጎኑ ይዘገያል፤ ግንባሩም ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ ውኃ ይታጠፋል።

ከላይ በጠቀስኳቸው ሁለት ፍጥነቶች ስናሰላ፣ ከወንዙ ውኃ ውስጥ ተነሥቶ የሁለቱን ውኃዎች መገናኛ ከ13 ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን የሚነካ ድምፅ ወደ ታች አያልፍም። ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ከላይ ደግሞ የውኃው ገጽ ይመልሰዋል። በሁለቱ መካከል እየነጠረ ሩቅ ይሄዳል። ከሥር፣ ጨዋማው ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ወይም መሣሪያ ግን ከሩቅ የምትመጣውን የጀልባ ሞተር በደንብ አይሰማም። መሃላቸው ግድግዳ የለም፤ ሁለቱም ውኃ ናቸው፤ የለያቸው ጨው ነው። በዚህ ላይ ባሕሩ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ በብዙ የዓለም ዳርቻዎች ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ሽብልቁም ከሙላቱ ጋር ወደ ወንዙ ይገፋል፣ ከጉድለቱ ጋር ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ጠዋት የተለካ የድምፅ መንገድ ከሰዓት በኋላ አያገለግልም።

ከሠራኋቸው ስሌቶች ሁሉ አብልጬ የምወደው አንድ አለ። 25 ዲግሪ የሞቀ የወንዝ ውኃ ወስጄ 12 ዲግሪ ከሆነ የባሕር ውኃ ጋር አስተያየሁት። የወንዙ በሰከንድ 1,496 ሜትር፣ የባሕሩ 1,497 ሜትር ወጣ። ጨው ያበጀውን ልዩነት ሙቀት አጠፋው። እንዲህ ባለ ቀን ሁለቱን ውኃዎች ዓይን ይለያቸዋል፣ ምላስም ይለያቸዋል፤ ድምፅ ግን አይለያቸውም፣ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ወንዙ ከዚህ ጥቂት ዲግሪ ቢሞቅ መታጠፊያው ወደ ታች ይሆናል፤ ጥቂት ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ወደ ላይ። ስለዚህ «የወንዝ አፍ ድምፅን ወደ ላይ ያጥፋል» ብሎ በደፈናው የሚናገር ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ወሩን ነው።

ጨው ሌላም ሥራ አለው። ባሕር ውስጥ የሟሟው ማግኒዥየም ሰልፌት ቀጫጭኑን፣ ማለትም ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ድምፅ ይመጥጣል፤ በ100 ኪሎ ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ በሚርገበገብ ድምፅ፣ የባሕር ውኃ ከንጹሕ የወንዝ ውኃ ከአሥር እጥፍ በላይ ይመጥጣል። ወንዙ ደለል ከተሸከመ ደግሞ ደለሉ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በሌላው ጫፍ በጣም ወፍራም ድምፅም ጥልቀት ካላገኘ አይጓዝም፤ አምስት ሜትር በሚጠልቅ ውኃ ውስጥ፣ ወለሉ ጽኑ ድንጋይ ቢሆን እንኳ፣ ከ70 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከምንጩ ብዙም ሳይርቅ ይሞታል።

የውኃ ውስጥ ድምፅን ፍጥነት በጥንቃቄ ከለኩት ቀደምት ሰዎች መካከል ዳንኤል ኮላዶንና ሻርል ስቱርም ይገኛሉ። የለኩትም ባሕር ላይ ሳይሆን ሐይቅ ላይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1826 ጄኔቫ ሐይቅ ላይ በአንዱ ጀልባ በኩል ውኃ ውስጥ የተንጠለጠለ ደወል ይመታል፤ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ይለኮሳል። ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሌላው ጀልባ ላይ ያለው ሰው ብልጭታውን አይቶ፣ ረጅም ቱቦ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ደወሉ እስኪሰማው ያለውን ጊዜ ይለካል። ዘጠኝ ሰከንድ ከግማሽ ገደማ ነበር። 8 ዲግሪ በሆነው ውኃ ያገኙት ፍጥነት በሰከንድ 1,435 ሜትር ነው፤ ዛሬ ከሚታወቀው የሚያንሰው በጥቂት ሜትር ነው።

እነርሱ በጊዜው ፍጥነቱን ፈለጉ። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ ፍጥነቱን ለክተን ውኃውን እናነባለን። ሂሮሺማ ከተማ ውስጥ በሚያልፈው ኦታ ወንዝ ላይ የጃፓን ተመራማሪዎች እንዲህ ሠርተዋል፦ አንድ መሣሪያ በዚህ ዳር፣ ሌላ መሣሪያ በወዲያኛው ዳር ትንሽ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ሁለቱም ሰዓታቸውን ከሳተላይት እያስተካከሉ በአንድ ጊዜ ድምፅ ይላላካሉ። ከወንዙ ጋር የወረደው ቶሎ ይደርሳል፤ ወንዙን ተቃውሞ የወጣው ይዘገያል። በመካከላቸው 200 ሜትር ቢኖር፣ ወንዙም በዚያ መስመር በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢፈስ፣ ድምፁ ለመድረስ 135 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በሁለቱ መልእክቶች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ 91 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። ልዩነቱ የወንዙን ፍሰት ይናገራል። ድምራቸው የድምፁን ፍጥነት ይናገራል፤ ከፍጥነቱም ሙቀቱ ከታወቀ ጨዉ፣ ጨዉ ከታወቀ ሙቀቱ ይነበባል። ወንዙን በገመድና በጀልባ እየተሻገሩ ሳይለኩ፣ ጎርፍ በመጣበት ሌሊትም ሳይቀር፣ በሁለት ጊዜያት ብቻ ፍሰቱንም የድምፁን ፍጥነትም ማወቅ ይቻላል። እዚህ ትምህርት ውስጥ ያስገባኝ ይህ ነገር ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያትም አላገኘሁለትም።

ባሕር በሌለበት ከተማም ቢሆን ውኃን ማዳመጥ ይቻላል። ሃይድሮፎን፣ ማለትም ውኃ ውስጥ የሚሠራ ማይክሮፎን ውድ ዕቃ ነው። ዋናው አካሉ ግን ፒዞ የሚባል፣ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ስስ ክብ ዝርግ ነው፤ የሚጮኹ መጫወቻዎችና ማንቂያ ሰዓቶች ውስጥ አለ። ይህንኑ ይዤ ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይቺ ላይ ረጅም ሽቦ ይበይዱልኛል?»

«ለየትኛው ሬዲዮ ነው?»

«ለሬዲዮ አይደለም፤ ውኃ ውስጥ የሚገባ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ውኃ ውስጥ ምን የሚሰማ አለ ልጄ?» አሉኝ። መልሴን ሰምተው ሲጨርሱ ግን እኔ የያዝኩትን ሽቦ ወደ ጎን አድርገው፣ ዙሪያውን በተጠለፈ ሽቦ የተሸፈነ ሌላ አወጡ። «ያኛው የመብራቱን ጉምጉምታ ይስብብሻል» አሉ። ልክ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ኸርዝ እየጎመጎመ በባዶ ሽቦ ሁሉ ይገባል። ብየዳው ላይ ውኃ እንዳያስገባ ማጣበቂያ አፍስሰን እስኪደርቅ እዚያው ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ሙከራውን ያደረግሁት የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ፣ የብረት ማማ ላይ በተሰቀለው ሮቶ ነው። እትዬ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ከሥር ሆነው «ሮቶው ውስጥ ምን ከተትሽ? የሰው መጠጫ እኮ ነው!» አሉኝ። ታጥቦ በፈላ ውኃ መለቅለቁን ነግሬያቸው የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋቸው። ከክዳኑ ላይ አንድ ጠብታ ሲወርድ ፊታቸው ተለወጠ። «ይህ ጠብታ ነው? ደወል ነው እንጂ!» አሉ።

ጠብታ ውኃ ላይ ሲወድቅ የምንሰማው ጥርት ያለ ድምፅ በአብዛኛው የመጋጨቱ ድምፅ አይደለም። ጠብታው ውኃው ውስጥ ቆልፎ የሚያስቀራት የአየር አረፋ ናት እየተኮማተረችና እየሰፋች የምትዘምረው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ማርሴል ሚናርት የአረፋዋን መጠንና ዜማዋን የሚያገናኝ ቀመር አውጥቷል። በባሕር ጠለል ላይ፣ ከመሃል እስከ ጠርዟ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነች አረፋ 3,260 ኸርዝ ገደማ ትዘምራለች። ቀመሩ ውስጥ ግን የአየር ግፊት አለ። አራት ኪሎ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ያችው አረፋ እዚህ ወደ 2,800 ኸርዝ ትወርዳለች። የእትዬ ሮቶ ውስጥ ያለች አረፋ ከምጽዋ አረፋ ይልቅ ድምፅዋ ወፈር ይላል ማለት ነው። ንጹሕ ውኃ ውስጥ ድምፅ ለከፍታ ግድ የለውም፤ አረፋ ሲገባበት ግን ከፍታው ይቆጠራል።

የሮቶው ትልቁ ትምህርት የመጣው ውኃ በተለቀቀበት ቀን ነው። በአንዱ ጎን ሌላ ፒዞ አስቀምጬ አንድ ወጥ ድምፅ እያሰማሁ፣ በሌላው ጎን እቀዳ ነበር። ቧንቧው መንዶልዶል ሲጀምር ድምፄ ጠፋ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የቧንቧው ጩኸት ይበልጣል። ቧንቧው ሲዘጋ ግን ጩኸቱ ወዲያው ቆመ፣ የእኔ ድምፅ አልተመለሰም። ኮምፒውተሩ ላይ መስመሩ ቀስ በቀስ፣ እየወፈረ እየወፈረ ብቅ ሲል አየሁት። ውኃው ውስጥ የቀሩት ዓይን የማያያቸው አረፋዎች ወደ ላይ ወጥተው እስኪያልቁ ድምፁን ሲውጡት ነበር። ከመቶ አንድ እጅ አየር ከውኃ ጋር ቢደባለቅ የድምፅ ፍጥነት በባሕር ጠለል ላይ በሰከንድ ወደ 120 ሜትር ይወርዳል፤ ከውኃውም ከአየሩም ያነሰ ነው። ብዙ የወንዝ አፎች ወለላቸው ቅጠልና ሥር የበሰበሰበት ጭቃ ስለሆነ በሚቴን አረፋ የተሞላ ነው። ካርታው ላይ «ጭቃ» ተብሎ በአንድ ቀለም የተቀባው ቦታ ለድምፅ አንድ ቦታ አይደለም።

ነዋሪዎቹስ? በሜክሲኮ፣ የኮሎራዶ ወንዝ አፍ ላይ ኮርቪና የሚባሉ ዓሦች በየዓመቱ ለመራባት እጅግ በብዛት ይሰበሰባሉ። ወንዶቹ የሚያሰሙት ጥሪ ከመብዛቱና ከመጉላቱ የተነሣ ዓሣ አጥማጆች በጀልባቸው ግድግዳ በኩል ይሰሙታል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የወጣ ጥናትም የባሕር አጥቢዎችን ጆሮ ለመጉዳት የሚበቃ መሆኑን አሳይቷል። የሚያሳዝነው ኮሎራዶ ራሱ በግድብና በመስኖ ተወስዶ አሁን በአብዛኛው ባሕር የማይደርስ ወንዝ መሆኑ ነው። ካናዳ ውስጥ በሴንት ሎውረንስ ወንዝ አፍ የሚኖሩት ነጫጭ ቤሉጋ ዓሣ ነባሪዎች ደግሞ በመርከብ ጩኸት መካከል ነው የሚጠራሩት። ጩኸቱ የትኛውን ጥልቀት ይዞ እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው መርከቦቹ የት ላይ ዝግ ማለት እንዳለባቸው መናገር ይችላል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ከመጀመሪያውም መምጣት የፈለግሁት ወደዚህ ነው። ወንዝ የሚገባው ባሕር ብቻ አይደለም። ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ የሐይቁን ውኃ አብዛኛውን የሚሰጠውም እርሱ ነው። ቱርካና መውጫ ስለሌለው ውኃው ቀለል ያለ ጨው አለው፤ በሊትር ሁለት ግራም ከግማሽ ያህል። በባሕሩ ቀመር ሲሰላ ይህ ጨው የድምፁን ፍጥነት የሚጨምረው በሰከንድ ሦስት ሜትር በማይሞላ ነው፤ ከአንድ ዲግሪ ሙቀት ብዙም አይበልጥም። ቀመሩ ግን የተሠራው ለባሕር ጨው ነው፤ የቱርካና ጨው ሶዳ የበዛበት ስለሆነ ለራሱ የተለካ ቀመር ይገባዋል። ይህን የሚለካው ማን ነው? እኛ ካልለካነው ሌላ ሰው ለእኛ ብሎ አይለካውም።

ከሁሉም በላይ ልቤን የያዘው ጣና ነው። ርብ፣ ጉማራ፣ ግልገል ዓባይ ክረምት ሲመጣ ቡናማ ሆነው ይገባሉ። ጨው የለም። ነገር ግን ከደጋ የወረደ ቀዝቃዛ፣ አፈር የተሸከመ ውኃ ከሞቀው የሐይቅ ውኃ ስለሚከብድ ከሥር የመግባት ጠባይ አለው። ወንዙን 18 ዲግሪ፣ ሐይቁን 23 ዲግሪ ብለን ብንነሣ፣ ከላይ በሰከንድ 1,490 ሜትር ገደማ፣ ከታች 1,475 ሜትር ገደማ ይሆናል። ዘገምተኛው ውኃ ከታች ሆነ። ከባሕሩ የወንዝ አፍ ፍጹም ተቃራኒ ነው፦ ያኛው ድምፅን ወደ ገጹ ያነሣል፤ ይህኛው ወደ ወለሉ፣ ወደ ጭቃው ይስባል፤ ጭቃው ደግሞ ይውጠዋል። ከውጭ የተገዛ የባሕር መሣሪያ ከመመሪያው ጋር ጉማራ አፍ ላይ ብናስቀምጥ መመሪያው የሚለው ሌላ፣ ውኃው የሚለው ሌላ ይሆናል።

ይህ ለዓሦቹም ግድ ይላል። ጣና ላይ ብቻ የሚገኙት ትልልቆቹ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች በክረምቱ ወራት እነዚህ አፎች ላይ ተሰብስበው ነው ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት። በዚያው ወቅት በመረብ ስለሚጠመዱም ቁጥራቸው ክፉኛ ወርዷል። የእነርሱ ወገን የሆኑ ዓሦች ከአየር ከረጢታቸው እስከ ጆሯቸው የሚያገናኝ የትንንሽ አጥንቶች ሰንሰለት አላቸው፤ ከብዙ ዓሦች የተሻለ የሚሰሙትም በዚህ ምክንያት ነው። የሞተር ጀልባ ሲበዛ በምን ጥልቀት ምን እንደሚሰሙ ማወቅ የጥበቃው ሥራ አካል መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ዓሦቹን ለመቁጠር መረብ መጣል የግድ አይደለም፤ በድምፅም ይቆጠራሉ፤ ለዚያ ግን ድምፁ በየት እንደሚታጠፍ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሥራዬ ከሃይድሮፎን አይጀምርም። ከቴርሞሜትር ይጀምራል። ከጉማራ አፍ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መስመር ላይ ገመድ ተንጠልጥሎ፣ በየግማሽ ሜትሩ ሙቀት መለኪያ ታስሮ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሌት ተቀን መመዝገብ አለበት። ከጎኑም በየጊዜው የውኃ ናሙና በጠርሙስ እየተቀዳ ደለሉ ይመዘናል። ሁለቱ የድምፅ መሣሪያዎች በግራና በቀኝ ዳር የሚቀመጡት ከዚያ በኋላ፣ የትኛው ጥልቀት ላይ መዋል እንዳለባቸው ሙቀቱ ሲናገር ነው። አሁን በእጄ ያለው የመለኪያዎቹ ዝርዝር፣ ገመዱን የምትይዝልኝ አንዲት የባሕር ዳር ባልደረባዬና ፒያሳ ያሉት ጋሼ የሠሩልኝ ሁለተኛ ሃይድሮፎን ነው፤ ሽቦው ከመጀመሪያው ይረዝማል።